የያን ልጅ፣ የአባቴ ስም

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠራው የሰው ስም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ አይደለም። የሆላንዶች ስም ነው፣ ያንስዞን ይባላል። የእኔን ከፈለጋችሁ አትድከሙ፣ አልነግራችሁም። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ በስሜ የጠራኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ አሁን እናንተ ብትጨመሩበት ምን ይጎድልብኛል? ለምጄዋለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ዲቪ ደርሶኝ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ቴክሳስ ገባሁ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ሌዊስቪል አፓርታማ ተከራየን፤ ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዘች፣ እኔ ደግሞ ፎርት ዎርዝ አንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀጠርኩ። ይህን ለታላቅ ወንድሜ በስልክ ስነግረው "እኔ ድሮም ብዬ ነበር፣ የተማረ ሰው የትም አይወድቅም" አለ። ሙዚየሙ ውስጥ ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም። እኔም የስልክ ካርዱ እንዳያልቅ ብዬ አልነገርኩትም።

ሥራዬ ሎሚ መጠበቅ ነበር። ቀልዴን አይደለም። የምቆምበት ክፍል የድሮ የሆላንድ ሥዕሎች የተሰቀሉበት ነው። አንደኛው ሥዕል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን፣ የደረቀ ዓሣ፣ ወይን የተቀዳበት ብርጭቆና እስከ ወገቡ የተላጠ ሎሚ። ልጣጩ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከማማሩ የተነሣ ያየው ሁሉ መንካት ያምረዋል፤ ባለ ቡትስ ከብት አርቢ ሳይቀር እጁን ይዘረጋል። "እባክዎ አይንኩ" የምለው እኔ ነኝ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ሎሚ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ። ሎሚው ምንም አልሆነም፤ ያለቀው የእኔ ጉልበት ነው።

የሎሚው ሠዓሊ ያንስዞን ይባላል። ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰዎች በረዶ በሆነ ወንዝ ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ የእሱም ሠዓሊ ያንስዞን ነው። የራሳቸው ስም የተለያየ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ደረቴ እንምጣ። ደረቴ ላይ ባጅ አለ። ባጁ ላይ የእኔ ስም አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የአባቴ ስም በትልልቁ ሙሉውን ተጽፏል። የሚጠሩኝም በእሱ ነው። የፈረቃ ኃላፊያችን ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ የአባቴን ስም ይጠራና "ሽንት ቤቱ ጋ ሂድና ቁም" ይላል። አባቴ በሕይወት ሳለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ እንኳ "እሳቸው" ነበር የምትለው። ስሙ እንዲያው ባዶውን ሲጠራ የሰማሁት ከአያቴ አፍ ብቻ ነው። አሁን ቴክሳስ ውስጥ ማንም እየተነሣ አባቴን ሽንት ቤት ይልከዋል። መጀመሪያ ሰሞን ስሙ በተጠራ ቁጥር ዞር እል ነበር፣ የመጣ መስሎኝ። ከተቀበረ ስንት ዓመቱ ነው፤ ከየት ይመጣል?

የባለቤቴ ደግሞ ይብሳል። የእኔ ሚስት ስለሆነች ሚስስ ብለው የአባቴን ስም ለጠፉባት። በእኛ ቆጠራ ይህ ማለት የአማቷ ሚስት ሆነች ማለት ነው። በዚህ ስም ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፖስታውን እያሳየች "እንጀራ እናትህ ነኝ፣ ተነሥና ዕቃ እጠብ" ትለኛለች። እኔም እታዘዛለሁ። እናት ናት፣ ምን ይደረጋል?

ስለ ራሴ ስም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስሙን ሳልጠራ። አባቴ እኔ በተወለድኩበት ሳምንት ከጎረቤቱ ጋር ስንት ዓመት ሲካሰስበት የኖረውን የድንበር ክርክር ረታ። ስለዚህ ስሜ ስም ብቻ አይደለም፣ ለጎረቤቱ የተመለሰ መልስ ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ "ና እራትህን ብላ" እያለች ስትጠራኝ ሰውዬው አጥሩ ማዶ ሆኖ ይሰማል። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ በልጁ ስም ይሳደባል፣ ይመርቃል፣ ያመሰግናል። እኔም በተራዬ ልጅ ስወልድ ሦስት ሳምንት አስቤ፣ ስሟ ከስሜ ጋር ሲነበብ አንድ የተሟላ ምስጋና እንዲሆን አድርጌ አወጣሁላት። ስሟ ብቻውን ግማሽ ነገር ነው፤ ቀሪው እኔ ነኝ። ከአባቴ ስም ጋር ከተነበበ ግን ከድንበር ክርክሩ ሳይቀር የተሸነፍን ያስመስላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ልጄን ስሰይም ግን መልአኩ እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬንም በደንብ ነው የሠራሁት።

እንግዲህ ከመንጃ ፈቃዴ በቀር ስሜ ያለ ነጥብ፣ ሙሉውን የተጻፈበት ብቸኛው የአሜሪካ ወረቀት የልጄ ወረቀት ነበር፤ ከስሟ ኋላ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ትኩሳት ያዛትና ኮል አደረጉልኝ። ያቺን ኤሲ የሌላት ኮሮላዬን እያስጓራሁ አንድ ሃያ አንድ በሚሉት አውራ ጎዳና በርሬ ደረስኩ። ቢሮ የተቀመጠችው ሴት መንጃ ፈቃዴን አየች፣ የልጄን ፋይል አየች፣ እንደገና መንጃ ፈቃዴን አየች። "ላስት ኔማችሁ አይገጥምም" አለች። እዚህ መጀመሪያ ላይ ያለውና እዚያ መጨረሻ ላይ ያለው አንድ ስም መሆኑን በጣቴ አሳየኋት። ፈገግ አለች፣ የማያምን ሰው ፈገግታ። ከዚያ ልጄን አስጠራችና ቢሮው ውስጥ ባሉት ልጆች ሁሉ ፊት "የኔ ማር፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

ልጄ አንገቷን ደፍታ "የስ ማም" አለች። መኪና ውስጥ ገባን። ቀበቶዋን ሳስርላት "አባዬ፣ ለምን እንደ ሰው አንድ ስም የለንም?" አለችኝ። ለካ ልጆቹ ከዚያ በፊትም "እንጀራ አባትሽ ነው እንዴ?" እያሉ ይጠይቋት ኖሯል። "እኔ ያንተን ላስት ኔም ነው የምፈልገው" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ስሜን ከኋላዋ አዝላ ስሜን ትለምነኛለች። ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደሚፈላ ግን አላወቅሁም። መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ነገ ከትኩሳት የባሰ ቢያጋጥማትስ? ራሷን ስታ፣ ሆስፒታል በር ላይ "ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?" ቢሏት ማን ይመልስልኛል?

በባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን አንድ የፎርም ሊቅ ነበር። በሥራ ቀን ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ይጭናል፤ እሑድ ከስብከት በኋላ ግን ፓርኪንግ ውስጥ የመኪናውን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጎ የሐበሻውን ሁሉ ፎርም ይሞላል። ፓስተሩ ከሚጸልዩለት ይልቅ ወደ እሱ የሚሰለፈው ይበዛ ነበር። ጉዳዬን ስነግረው ለመስማትም አልደከመ።

"ሶ፣ ይሄ ቀላል ነው" አለኝ እስክሪብቶውን ቀጭ ቋ እያደረገ። "ያንተን እንቀይር ካልን ሶሻል ሴኩሪቲ አለ፣ መንጃ ፈቃድ አለ፣ ሥራህ አለ፤ ማለቴ፣ ዕድሜህ ያልቃል። እሷ ግን ሕፃን ናት። የአባትህን ስም ላስት እናደርግላታለን፣ ፍርድ ቤት አንድ ቀን ትቆማለህ፣ ዳኛው ይፈርማል፣ ፊኒሽ።"

"የእኔስ ስም የት ይሄዳል?"

ግራ ገባው። "አንተማ አለህ አይደል እንዴ?" አለኝ። "ምን ትሆናለህ?"

እዚያው ቆሜ ማሰላሰል ጀመርኩ። ልጄ የአባቴን ስም ከያዘች በእኛ ደንብ የአባቴ ልጅ ናት። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። ስለዚህ እህቴ ናት። ሚስቴ እንጀራ እናቴ፣ ልጄ እህቴ፤ አባቴ ከመቃብር ሆኖ ቤቴን ጠቅልሎ ወሰደው ማለት ነው። ፎርሙን ተቀብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፎ ወር ተኩል ከረመ። ልጄ ወተት ልታወጣ በሄደች ቁጥር ፎርሙን ታያለች፤ ቀጥላ እኔን ታያለች።

አሁን ወደ ሎሚው ልመለስ። ሙዚየማችን ውስጥ እንግዳ የሚያስጎበኙ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሴትዮ ነበሩ። ነጭ ፀጉራቸው ሁልጊዜ ሽቅብ ተሠርቶ፣ አንገታቸው ላይ የሉል ዶቃ ሰፍሮ፤ ባላቸው የከብት ይሁን የነዳጅ ባለሀብት እንጃ፣ ብቻ አንድ ነገር ነበሩ። እኔ ስለ ሽበታቸው አንቱ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሚስተር ብለው የአባቴን ስም ይጠሩኛል፤ እሱስ ደግ ናቸው፣ ቢያንስ ማዕረግ ጨምረውለታል።

ሴትዮዋ ከሎሚው ፊት ይቆሙና "ይህን የሣለውና ያንን ወንዝ የሣለው ወንድማማቾች ናቸው" ይላሉ። "ታዋቂው የያንስዞን ቤተሰብ።" ከዚያ ታሪክ ያስከትላሉ። ታላቅየው ቁም ነገረኛ ነው፣ ለዚህም ነው ዓሣና ሎሚ የሣለው፤ ታናሽየው ጨዋታ ይወዳል፣ ለዚህም ነው በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የሣለው። ሰው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ደግሞ ምላሴን እነክሳለሁ፤ ምክንያቱም ከተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነገሩን ደርሼበታለሁ።

ምሳ የምንበላበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ከቢሮ የተጣለ አንድ ወፍራም የሠዓሊዎች መዝገብ ነበር። ሳንድዊቼን እየገመጥኩ አነበው ነበር። ያንስዞን የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ያን ማለት የእኛው ዮሐንስ ነው። ይኸው ሁለተኛ ስም ጠራሁ፣ ይቅር በሉኝ። ዞን ማለት ልጅ። የዮሐንስ ልጅ፣ አለቀ። የቤተሰብ ስም አይደለም፣ የጎሳም አይደለም፤ አባቱ ዮሐንስ የሆነ ሆላንዳዊ ሁሉ ያንስዞን ነው። መዝገቡ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ አበባ ይሥላል፣ አንዱ መርከብ፣ አንዱ ላም፤ እርስ በርስ በመንገድ ቢተላለፉ ሰላም አይባባሉም። "ልጅ" የሚለውን እንኳ እስከ መጨረሻው አይጽፉትም፤ ቆረጥ አድርገው ነጥብ ያስቀምጡበታል፣ ሰው ያውቀዋላ። ከሌላ ያንስዞን ጋር መምታታት የሰለቸው ከላዩ ላይ የመንደሩን ወይም የወፍጮውን ስም ይጨምርበታል። ሴቷም በበኩሏ የያን ሴት ልጅ ተብላ ትጻፋለች። እኔ፣ የታሪክ አስተማሪው፣ ፈረንጅ ሁሉ ላስት ኔሙን ይዞ ከእናቱ ሆድ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱም እንደኛው ነበሩ።

መጨረሻውን ግን አልወደድኩትም። ቆይቶ ስሙ ደረቀ ይላል መዝገቡ። አባቱ ዮሐንስ ያልሆነውም ያንስዞን ተባለ፣ ልጁም፣ የልጅ ልጁም። ሰውዬው የወለደው አባት እያለው የማያውቀው ቅድመ አያቱ ልጅ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። መሐል ላይ ያሉት አባቶች ወደቁ፣ የጠየቀላቸውም የለም። ያኔ በእነሱ ስቄ፣ ሳንድዊቼን ጨርሼ፣ ወደ ሎሚዬ ተመለስኩ።

ፎርሙ ማቀዝቀዣ ላይ በከረመበት ሰሞን ነው አፌ ያመለጠኝ። አንዲት ጎብኚ "ወንድማማቾቹ አንድ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠሩት?" ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋም ምንም ሳያፍሩ "አዎ፣ እናታቸው ምሳ ታቀርብላቸው ነበር" አሉ። እናታቸውን ከየት አመጧት?

"ይቅርታ ማዳም" አልኩ። "ወንድማማቾች አይደሉም።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ግድግዳው የተናገረ ሳይመስላቸው አልቀረም።

"ያንስዞን የአባት ስም ነው" አልኩ። "የሁለቱም አባት ስም አንድ ነው፣ አባታቸው ግን አንድ አይደለም። በእኛ አገርም እንዲሁ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ጎንደሬ፣ አንዱ ሐረሬ፣ አንዱ የወለጋ ልጅ።"

ሴትዮዋ ዶቃቸውን ያዝ አደረጉ። "አመሰግናለሁ፣ ሚስተር" አሉና የአባቴን ስም አስከተሉ።

ከሰዓት በኋላ ያ ጎረምሳ ኃላፊዬ ጠራኝ። ጠባቂ ስለ ሥዕል አይናገርም፤ ሽንት ቤት ለጠየቀ ያመለክታል፣ እጁን ለዘረጋ "አይንኩ" ይላል፣ በቃ። ሁለተኛ ከደገምኩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል። ማስጠንቀቂያው በአባቴ ስም እንደሚጻፍ ትዝ ብሎኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሱን አላሳቀውም።

ሴትዮዋ ግን ሐቀኛ ናቸው፣ ይህን አልክድባቸውም። ቢሮ ገብተው ጠይቀው፣ ትክክል መሆኔን አረጋግጠው ተመለሱ። በሳምንቱ አዲስ ስብከት ይዘው ቀረቡ። "ብዙ ሰው ይህን ሠዓሊ ያንስዞን እያለ ይጠራዋል" ይላሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ስሕተት ነው። ያ የአባቱ ስም ነው። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜ ልካችሁን በአባታችሁ ስም ብቻ ብትጠሩ ምን ይሰማችኋል? ሰውየው ራሱ የት ደረሰ?" ሰው ሁሉ ያዝናል። አንዲት ሴት እንደ ሐበሻ ከንፈሯን ስትመጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፉ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ በሙሉ አክብሮት፣ "አመሰግናለሁ፣ ሚስተር" ብለው የአባቴን ስም ይጠራሉ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት በሳቅ እንባዬ መጣ። "ለሞተ ሆላንዳዊ ስሙን መለሱለት" አልኳት። "እኔ ባጄን ለጥፌ አጠገባቸው ቆሜ።" እሷ አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር። በአገጯ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከተችኝ።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" አለች። "ሴትዮዋን ተዋቸውና ያንን ጨርስ። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ አስጠልቷታል። ወይ እምቢ በላት፣ ወይ ፈርም። እዚያ ሰቅለህ አትግደላት።"

እምቢ ማለት አቃተኝ። "ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?" የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ፈረምኩ።

ቀጠሯችን ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ልጄን "ይህን ስም ትፈልጊዋለሽ?" አሏት። "የስ ሰር" አለች። እኔን ደግሞ ምክንያቴን ጠየቁኝ። "አባቷ መሆኔ እንዲታወቅ ነው" አልኩ። አይ መልስ። አባቷ መሆኔ እንዲታወቅ ስሜን ከላይዋ ላይ አወረድኩ። ዳኛው ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ፣ ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ኮፍያውን እስኪያነሣ ድረስ እንኳ አልፈጀም። ልጄ መኪና ውስጥ አዲሱን ስሟን ደብተሯ ላይ ደጋግማ እየጻፈች መጣች። ደስ ብሏት ነበር። እሷ ደስ ስላላት እኔም ደስ አለኝ፤ ከደስታው በታች የነበረውን ሆድ ይፍጀው። ዓርብ ፈረቃ ስለሌለኝ ወረቀቱን ያን ቀን ለትምህርት ቤቱ ቢሮ እሰጣለሁ ብዬ አጥፌ የዩኒፎርሜ ደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት፣ ከባጁ ሥር።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። "ነገ ክላሳችን ያንተ ሙዚየም ይመጣል" አለችኝ። "አባዬ፣ ፕሊስ፣ እንደማታውቀኝ ሁን፣ ኦኬ?"

"ችግር የለም" አልኳት። "ድሮም መናገር ተከልክያለሁ።" ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

ሐሙስ መጡ። ሃያ ምናምን ልጆች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተያይዘው። ልጄ መጨረሻ ላይ ነች። እያየችኝ አላየችኝም፤ እኔም ሎሚዬን ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ከሥዕሉ ፊት ቆመው ስብከታቸውን ለሕፃናት በሚሆን መንገድ ጀመሩ።

"ያንስዞን ማለት የያን ልጅ ማለት ነው" አሉ። "ይህ ሰው በሄደበት ሁሉ የአባቱን ስም ከኋላው ይዞ ይሄድ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሰው እንዲያውቅለት። አያምርም? እስቲ እናንተም ሞክሩ። መጀመሪያ ስማችሁን፣ ከዚያ አባታችሁ ጓደኞቹ በሚጠሩት ስም።"

ልጆቹ ፈነደቁ። አንዱ ከአባቱ ስም ላይ ዞን ቀጥሎ ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዷ የአባቷን ስም እንደማታውቅ ተናገረችና "እናቴ ሃኒ ነው የምትለው" አለች። ሴትዮዋ በጣታቸው እየጠቆሙ ሲሄዱ ልጄ ላይ ደረሱ። "አንቺስ፣ የኔ ቆንጆ?"

ልጄ ጫማዋን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ስሟን ተናገረች፤ ከስሟ አስከትላ የእኔን ስም ተናገረች። ሙሉውን፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል፣ እናቷ እንደምትጠራው አድርጋ። ያን ምስጋና ካወጣሁላት ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትርጉሙ ለአንድም ሰው በማይገባበት ክፍል ውስጥ ሳይቆረጥ ተነበበ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ቆሜያለሁ፤ ስሜ ሲጠራበት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"እንዴት ያምራል" አሉ ሴትዮዋ። "ላስት ኔምሽ ነው?"

"አይደለም" አለች ልጄ። "እሱ ነው።"

በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ያ ሁሉ ፊት ወደ በሩ ዞረ። እንዲህ ሲሆን የሙዚየም ጠባቂ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አላሠለጠነኝም፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ስሜ እንዲከበርላት አንድ የሞተ ሆላንዳዊና አንዲት የባለሀብት ሚስት አስፈልገዋል፤ ይሁን፣ ከየትም ይምጣ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ቀረብ ብለው ባጄን አነበቡ። "ባጅህ ላይ ግን ይህ አይደለም ያለው" አሉኝ።

"አይደለም ማዳም። ይሄ አባቴ ነው።"

እጃቸው ወደ ዶቃቸው ሄደ። ፊታቸው ሲቀላ አየሁና አሳዘኑኝ፤ እኔ ራሴ በኪሴ ምን እንደያዝኩ አላወቁም። ከዚያ የልጄን አፍ እያዩ ስሜን ለመጥራት ሞከሩ። ሰባበሩት። ልጄ ደገመችላቸው፣ እንደገና ሰባበሩት። ልጆቹም ተቀበሉ፤ ሃያ ምናምን የቴክሳስ ልጅ ለዚያ ለጎረቤታችን የተመለሰውን መልስ በየአቅሙ ጮኸው።

ሰልፉ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፍ ልጄ አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች። እጄን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና በአማርኛ፣ በቀስታ "አባዬ፣ እንደ ድሮው ብንተወውስ?" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። ከባጁ ሥር የዳኛው ወረቀት ደረቴን ይኮሰኩሰኝ ነበር። ልጄ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ዳኛው አንዴ ፈርመዋልና በወረቀት እስካሁን እህቴ ናት።